የአያት ምንሽር በአዳማ፦ ለእንጨቱ ማን፣ ለብረቱ ምን፣ ለማንገቻው የት?

ከአባት ወይም ከአያት የወረሱት ምንሽር ቤታቸው ያለ ሰዎች አንድ ዓይነት ጥያቄ ደጋግመው ይጠይቁኛል። «እንጨቱ ተሰንጥቋል፣ ብረቱ ዝጓል። አዳማ ላይ ማን ያድስልኛል? ለአደንስ ይሆናል?» መልሱን እዚህ ልሰብስበው። አቋሜን አስቀድሜ ልናገር፦ አሮጌ ጠመንጃ ይጸዳል፣ ዘይት ይጠጣል፣ ይጠበቃል። እንደ አዲስ ላድርገው ማለት ግን ማበላሸት ነው።

ወረቀቱ ይቅደም። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት መሣሪያ መያዝም መጠገንም በፈቃድ ነው። ፈቃድ የሰጣችሁ ክፍል ሄዳችሁ «እንጨቱን ላሳድስ ነው» ብላችሁ ጠይቁ። ፈቃድ የሌለው መሣሪያ ያላችሁ ደግሞ ከሁሉ በፊት ፖሊስ ጣቢያ ሂዱ።

ቀጥሎ ምን እንደያዛችሁ እወቁ። እኔ በብዛት የማየው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ጣሊያን ትቶት የሄደው ካርካኖ ነው። ሞዴሉ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1891 የወጣ ሲሆን የተለመደው ጥይቱ 6.5 ሚሊ ሜትር ነው። ሌላው ማውዘር ነው፤ ከወረራው በፊት ከቤልጅግና ከጀርመን ፋብሪካዎች የመጣ፣ 7.92 ሚሊ ሜትር። ውጅግራ ያላችሁም አትጠፉም። እሱ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1874 የወጣው «ግራ» የሚባለው የፈረንሳይ ጠመንጃ ነው፤ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ፣ የጥቁር ባሩድ ዘመን ዕቃ። አጽዱት፣ ግድግዳ ላይ ስቀሉት፣ አትተኩሱበት።

አሁን ወደ እንጨቱ። አዳማ ውስጥ አናጺ ሞልቷል፣ ግን ሁሉም ለዚህ ሥራ አይሆንም። ሶፋና አልጋ በብዛት የሚያመርቱት ማሽን ቤቶች ፈጣን ናቸው፣ ዋጋቸውም ደህና ነው። ችግሩ እጃቸው ወዲያው ወደ ብርጭቆ ወረቀት ይሄዳል። እንጨቱ ሲፈገፈግ የፋብሪካው ማኅተም ይጠፋል። እንጨቱም ስለሚሳሳ ብረቱ ከእንጨቱ ከፍ ብሎ ይቀራል፤ ይህ ደግሞ ወደ ኋላ አይመለስም። ስለዚህ እኔ የምጠቁመው በመሮና በመላጊያ፣ በእጁ የሚሠራ ሽማግሌ አናጺ ነው። ሱቁ ትንሽ ነው፣ ቀጠሮውም ይረዝማል፤ ታገሡት። ስታናግሩት «ስንጥቁን በኮላ ያዝልኝ፣ የጎደለውን ሙላልኝ፣ ሌላውን አትንካ» በሉት። ብረቱን ፈታችሁ ቤት ቆልፉበት፤ አናጺው ዘንድ የሚሄደው እንጨቱ ብቻ ይሁን።

ለመሙያ የሚሆን እንጨትስ? የድሮዎቹ በአብዛኛው ዋልነት ወይም ቢች የሚባሉ የውጭ እንጨቶች ናቸው። ከእኛ ዋንዛ ቀለሙ ይቀርባል፣ ለመሥራትም ይመቻል። ወይራ ጠንካራ ነው ግን ይከብዳል፣ መሮ ያስቸግራል። ዋንዛ ደግሞ ከደን መቁረጥ የተከለከለ ዛፍ ነው። ከተሰበረ አሮጌ አልጋ ወይም ሣጥን ላይ ውሰዱ። ለብዙ ዓመት የደረቀ ስለሆነ አይጣመምም፤ ከአዲስ ጣውላ በብዙ ይሻላል።

የተጎደጎደ ቦታ ካለ አናጺም አያስፈልግም። እርጥብ ጨርቅ አድርጉበትና የጋለ ካውያ አሳርፉበት፤ እንፋሎቱ እንጨቱን ያስነሣዋል። እንጨቱ በድሮ ግሪስ ከጠቆረ ደግሞ የአዳማ ፀሐይ ነጻ ባለሙያ ናት። በጥቁር ፌስታል ጠቅልላችሁ እኩለ ቀን ላይ አውጡት። ቅባቱ ላብ እንደሚያወጣ ሰው ወደ ላይ ይወጣል። ጥረጉት፣ መልሱት፣ እስኪጠራ ድረስ ደጋግሙት።

ቅቡ ላይ ብዙ ክርክር አለ። ቀለም ቤት ሄዳችሁ ብትጠይቁ ቫርኒሽ ይሰጧችኋል። ያብረቀርቃል፣ ለፎቶ ያምራል፤ አንዴ ሲጫር ግን ይላጣል። በዚያ ላይ እነዚህ ጠመንጃዎች ፋብሪካ ሲወጡ በአብዛኛው በዘይት የታሹ ነበሩ። የኔ ምርጫ ተልባ ዘይት ነው። ተልባ እኛ ጋ ሩቅ አይደለም፤ አርሲ ይበቅላል፣ ከአሰላ ወደ አዳማ ይወርዳል። ጥሬው የተጨመቀው ዘይት ጥሩ ነው፣ ግን ለመድረቅ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈልጋል። ቀለም ቤት የሚሸጠው፣ ማድረቂያ የተጨመረበት የተልባ ዘይት ቶሎ ይደርቃል። ኑግ የሚሞክሩ አሉ፤ በጣም ስለሚዘገይ አልመክርም። የመጀመሪያውን ቅብ በጥቂት አኳራጅ አቅጥኑት፣ ከዚያ በኋላ በመዳፍ እሹት። ስስ፣ እጅግ ስስ ይሁን። ወፍራም ቅብ ይጣበቃል፣ አቧራችንንም ይሰበስባል።

አንድ ነገር በጣም አደራ። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨማድዶ ከተጣለ በራሱ ሙቀት ሊነድ ይችላል። ክብሪት አያስፈልገውም። ውኃ ውስጥ ንከሩት ወይም ሜዳ ላይ ዘርግታችሁ አድርቁት። የአናጺውም ቤት ይህን ማወቁን ጠይቁ፤ መጋዝ ብናኝ በሞላበት ቤት ቀልድ አይደለም።

ለብረቱ ወደ ቶርኖ ቤትና ብየዳ ቤት አትሂዱ። አዳማ ጎበዝ ቶርኖ ሠራተኛ አላት፣ ለመኪና ዕቃ እኔም እሄዳለሁ። ጠመንጃ ግን ሌላ ነው። አንደኛ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ሥራ ነው። ሁለተኛ የማውዘር አካል ላዩ ብቻ እንዲጠነክር ተደርጎ የተሠራ ብረት ነው። የብየዳ እሳት ከነካው ያ ጥንካሬ ይጠፋል፣ ከዚያ ፊታችሁ አጠገብ የሚፈነዳ ነገር ይዛችኋል። ሦስተኛ በሚሽከረከር የሽቦ ብሩሽ ሲወለወል ቁጥሩ ይፋቃል። ፈቃዳችሁ ላይ የተጻፈው ደግሞ ያው ቁጥር ነው። ኒኬል ልንከርልህ የሚላችሁንም አትስሙ።

ዝገቱን ራሳችሁ ታስለቅቁታላችሁ። ዘይት ቀብታችሁ አሳድሩት፣ ከዚያ በነሐስ ብሩሽ ቀስ ብላችሁ እሹት። ከዘይቶቹ የስፌት መኪና ዘይት ርካሽና ንጹሕ ነው፣ ለመዝጊያውና ለቃታው እሱን እመርጣለሁ። ደብሊው ዲ 40 የተያዘ ነገር ለማላቀቅ ያገለግላል፣ ግን ቶሎ ስለሚተን ለማቆያ አይበቃም። ያገለገለ የሞተር ዘይት ቆሻሻና አሲድ ስላለው አይሆንም። ቅቤና ስብም እየቆዩ ብረት ይበላሉ።

የድሮ የጦር ጥይት የተኮሰ ጠመንጃ ደግሞ የተለየ ነገር ይፈልጋል። የብዙዎቹ ጥይቶች ማቀጣጠያ፣ ማለትም ባሩዱን የሚለኩሰው ነገር፣ በርሜሉ ውስጥ ጨው ይተዋል። ዘይት ጨው አያሟሟም፣ ይሸፍነዋል እንጂ። የፈላ ውኃ አሳልፉበት፣ በደንብ አድርቁት፣ ዘይቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ለማንገቻው ዕድለኞች ነን፣ የቆዳ ፋብሪካዎቹ ከተማ ሞጆ ቅርባችን ናት። ጫማ ሰፊ በአንድ ቀን ይሠራላችኋል፤ ቆዳው ግን ስስ ስለሆነ ይለጠጣል። ኮርቻና የጋሪ ፈረስ ዕቃ የሚሠራ ሰው ካገኛችሁ እሱ ዘንድ ሂዱ። ወፍራም ቆዳ በሰም ክር በእጁ ይሰፋል። የቆዳ ማኅደር ግን አታሠሩ። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ ውስጡ የተቀመጠ ብረትም ይዝጋል።

ስለ አደን አጭር ነው። ከሁለቱ የዓለም ጦርነቶች በኋላ በአውሮፓና በአሜሪካ የተረፉ የጦር ጠመንጃዎች እንጨታቸው እያጠረ፣ የማነጣጠሪያ መነጽር እየተገጠመላቸው ለአደን ውለዋል። ዛሬ ሰብሳቢ የሚፈልገው ያልተነካውን ነው። እኔም የአያት ዕቃ አይበሳ እላለሁ። እኛ ጋ አደን ያለ ፈቃድ የለም፤ ሙነሳ አካባቢ ደጋ አጋዘን የሚታደነው በኮታና በክፍያ ነው። ፈቃድ አግኝታችሁ በአሮጌው ማደን ካማራችሁ፣ መዝጊያውና የጥይት ጉሮሮው በመለኪያ ይታይ። የማውዘር በርሜልም ይለካ፤ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1905 በፊት የነበረው ጠበብ ይላል፣ የኋለኛው ጥይት ሲገባበት ግፊቱ አደገኛ ነው። በግምት ጥይት አይገዛም።

ሐዋሳ ያላችሁ የሐይቁ እርጥበት ስላለባችሁ ከእኛ ቶሎ ቶሎ ዘይት ማየት አለባችሁ። እዚያ ጥሩ ኮርቻ ሰፊ የምታውቁ ካላችሁ ሰፈሩን ጠቁሙኝ፤ የሚጠይቁኝ ሰዎች አሉ።