የእህቴ የታይሮይድ ካንሰር ከቢራ ነው የመጣው?
ሰላም ለእናንተ። ፒያሳ ነው የምንኖረው። የታላቅ እህቴ አንገት ላይ ካለው እጢ በመርፌ ናሙና ተወስዶ የታይሮይድ ካንሰር ነው ተባልን። እማዬ «ያ ቢራ ነው ያመጣብሽ» ትላታለች፤ እህቴም አምናበት ከሰው ርቃለች። አንጀቴን ትበላዋለች።

እኔ ባነበብኩት፣ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም አልኮልን በ1988 እ.ኤ.አ. ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል፤ የአፍ፣ የጉሮሮ፣ የጉበት፣ የጡትና የአንጀት ካንሰር ይጠቀሳሉ። ታይሮይድ እዚያ ውስጥ የለም። እንዲያውም አንዳንድ ጥናቶች በጠጪዎች ላይ አነስ ብሎ አግኝተውታል (ጠጡ ማለት አይደለም)። በደንብ የሚታወቀው መንስኤ በልጅነት አንገት ላይ ያረፈ ጨረር ነው።

እማዬ ግን «ጉሮሮ ካላችሁ አንገት አይደል?» ትለኛለች። እባካችሁ፣ ሐኪሞችም በዚህ ያለፋችሁም፣ ልዩነቱን ለእናት እንዴት ላስረዳ? ከቀዶ ጥገናው በፊትስ መጠጥ መቼ ማቆም አለባት?