ለትምህርት ቤት ኮምፒውተር ክፍል የሚጠቅሙ ነፃ የመፈተሻ ፕሮግራሞች የትኞቹ ናቸው?

ጠያቂ፣ ከመሐል ሜዳ

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ነኝ። ወደ ሠላሳ የሚጠጉ ዊንዶውስ የተጫነባቸው ኮምፒውተሮች በአንድ ስዊች አማካይነት ከራውተሩ ጋር ተገናኝተዋል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግማሾቹ ኢንተርኔት ሲያገኙ ግማሾቹ አያገኙም፤ አጥፍቼ ሳበራቸው ደግሞ ያገኙ የነበሩት ያጡና ያጡት ያገኛሉ። በዚህ ላይ መብራት ደጋግሞ ስለሚጠፋ አንዳንዶቹ ለመነሣት እጅግ ይዘገያሉ፣ ተማሪዎች በሚያመጡት ፍላሽም ቫይረስ ይገባል። አስተዳደሩ አዲስ ራውተር ለመግዛት አስቧል፤ እኔ ግን ጉድለቱ የት እንዳለ ሳይታወቅ የትምህርት ቤቱ ገንዘብ እንዲወጣ አልፈልግም። ክፍያ ሳይጠየቅባቸው በሕጋዊ መንገድ የምጠቀምባቸውን ፕሮግራሞች ብትጠቁሙኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ፣ ከደብረ ብርሃን

ግዥው እንዲዘገይ መፈለግዎ ተገቢ ነው። ኮምፒውተሮቹ እየተፈራረቁ ኢንተርኔት ማግኘታቸውና ማጣታቸው አብዛኛውን ጊዜ የሚያመለክተው በአንዱ ኔትወርክ ላይ አድራሻ የሚያድሉ ሁለት መሣሪያዎች መኖራቸውን ነው። አንድ ሰው ዋይፋይ ለማግኘት ብሎ የቤት ራውተር ከስዊቹ ጋር ካገናኘ፣ ያ ራውተር የራሱን የዲኤችሲፒ አገልግሎት፣ ማለትም ለኮምፒውተሮች የኔትወርክ አድራሻ የማደሉን ሥራ፣ ይጀምራል፤ ኮምፒውተሮቹም ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የደረሳቸውን አድራሻ ይቀበላሉ።

ለማረጋገጥ የመጀመሪያው መሣሪያ በእጅዎ አለ። በትእዛዝ መስኮቱ ላይ «አይፒኮንፊግ ስላሽ ኦል» (ipconfig /all) የሚለውን ትእዛዝ ኢንተርኔት በሚያገኝ አንድ ኮምፒውተርና በማያገኝ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ያስኬዱና የዲኤችሲፒ ሰርቨር የሚለውን መስመር ያስተያዩ። ሁለቱ ከተለያዩ ጥርጣሬው እውነት ነው። አድራሻው በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ኮምፒውተሩ አድራሻ የሚሰጠው አጥቶ ለራሱ አንድ አድራሻ መድቧል ማለት ስለሆነ ኬብሉንና ስዊቹን ይመርምሩ።

በዓይን ለማየት በኔትወርኩ የሚያልፈውን መረጃ የሚያሳየውን ዋየርሻርክን ይጫኑ። ይህ ፕሮግራም ጄራልድ ኮምብስ እ.ኤ.አ. በ1998 ኢቴሪያል በሚል ስም ያወጣው ሲሆን የአሁኑን ስሙን ያገኘው በ2006 ነው። የሚታየውን መረጃ በዲኤችሲፒ ብቻ አጣርተው፣ ኮምፒውተሩ አድራሻውን ለቆ አዲስ እንዲጠይቅ ሲያደርጉ፣ ለአንድ ጥያቄ ሁለት የተለያዩ መሣሪያዎች መልስ ሲሰጡ ካዩ አስተዳደሩን ለማሳመን ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይኖርም። በኔትወርኩ ላይ ምን ምን መሣሪያ እንዳለ ለመቁጠር ደግሞ ኤንማፕ ይረዳዎታል፤ ሆኖም የሌሎችን ግንኙነት ሊያሳዩ የሚችሉ መሣሪያዎች ስለሆኑ ከመጀመርዎ በፊት ከአስተዳደሩ በጽሑፍ ፈቃድ ይያዙ።

መልስ፣ ከሸዋ ሮቢት

የጥገና ባለሙያ እንደመሆኔ ስለ መዘግየቱ ልጨምር። ሳይዘጋ መብራት የሚጠፋበት ዲስክ ቀስ በቀስ ሊጎዳ ስለሚችል ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በተባለው ፕሮግራም እያንዳንዱን ዲስክ ይመልከቱ፤ ተበላሽተው የተተኩት ሴክተሮች (የዲስኩ ትናንሽ ክፍሎች) ቁጥር እየጨመረ ከሄደ ያ ዲስክ ውሎ አድሮ መቆሙ ስለማይቀር ሰነዱን አስቀድመው ያውጡ። ዲስኩ ጤነኛ ሆኖ ኮምፒውተሩ ከዘገየ ሲስኢንተርናልስ በተባለው የማይክሮሶፍት ነፃ የፕሮግራሞች ስብስብ ውስጥ የሚገኘው አውቶራንስ አብረው የሚነሡትን ፕሮግራሞች በሙሉ ያሳያል፤ በፍላሽ የገቡ ቫይረሶች ብዙዎቹ የሚጋለጡት እዚያ ነው።

ከዚያ በኋላ አንዱን ኮምፒውተር በሚገባ አዘጋጅተው ሙሉ ዲስክ በሚቀዳው ክሎንዚላ በተባለ ፕሮግራም ቅጂውን በውጭ ዲስክ ላይ ያስቀምጡ። በቫይረስ የተበላሸውን ኮምፒውተር ፋይል በፋይል ከማጽዳት ይልቅ ከቅጂው መመለስ ይቀላል። ቅጂው የሚመለስበት ዲስክ ከተቀዳበት ዲስክ ማነስ እንደሌለበት ብቻ ይጠንቀቁ።

መልስ፣ ከአጣዬ

በክሎንዚላው ሐሳብ እስማማለሁ፤ ነገር ግን አንድ ቅጂ በሁሉም ኮምፒውተሮች ላይ የሚጫን ከሆነ ከመቅዳትዎ በፊት የኮምፒውተሩን የራሱን መለያ ከቅጂው የሚያወጣውን የዊንዶውስን ሲስፕሬፕ ማስኬድ ያስፈልጋል፤ ካልሆነ ሁሉም አንድ ስም ይዘው ይነሡና ኔትወርኩ ላይ ይጋጫሉ። ኮምፒውተሮቹ ዊንዶውስ 10 ከሆኑ ደግሞ መደበኛው የማይክሮሶፍት ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ያበቃ መሆኑን በዕቅድዎ ውስጥ ያስገቡ። ከላይ የተጠቀሱትን ፕሮግራሞች ሁሉ ከሠሪዎቻቸው ገጽ ብቻ ያውርዱ፤ በፍላሽ እየተቀባበሉ መጫን የሸሹትን ቫይረስ መልሶ መጋበዝ ነው።

ጠያቂ፣ ከመሐል ሜዳ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የዲኤችሲፒው መስመር በእርግጥ ሁለት የተለያዩ አድራሻዎችን አሳይቷል። ሆኖም ስዊቻችን ቀላሉ ዓይነት ስለሆነ ምንም መረጃ አያሳይም፤ ኬብሎቹም ወደ መምህራን ማረፊያና ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ስለሚሄዱ ሁለተኛው መሣሪያ በየትኛው ጫፍ እንዳለ አላወቅሁም።

መልስ፣ ከደብረ ብርሃን

ከሁለተኛው መሣሪያ አድራሻ በተቀበለ ኮምፒውተር ላይ ሆነው ወደዚያ መሣሪያ የማያቋርጥ ፒንግ (መሣሪያው መልስ እንዲሰጥ የሚጠይቅ አጭር መልእክት) ይላኩ፤ ከዚያም የዚያን ኮምፒውተር ኬብል ሳይነኩ የቀሩትን ከስዊቹ አንድ በአንድ እየነቀሉ ይመልሱ። ምላሹ የተቋረጠበት ኬብል ወደ መሣሪያው ይወስድዎታል። ሲያገኙት አይጣሉት፤ መምህራኑ ዋይፋይ ያስፈልጋቸዋል። ዲኤችሲፒውን ያጥፉበት፣ ከዋናው ራውተር የአድራሻ ክልል ውስጥ ለሌላ ያልተሰጠ ቋሚ አድራሻ ይስጡት፣ ከስዊቹ የሚመጣውንም ኬብል ዋን በተባለው ሳይሆን ላን በተባለው ወደብ ላይ ይሰኩ፤ ያን ጊዜ ዋይፋይ ብቻ ያሠራጫል።