ቦሌ ላውንጅ የ3,200 ብር የበላነው የጠጣነው 4,427 ብር ሆኖ መጣ፣ ኖርማል ነው?

የሳርቤት ልጅ፦
ሰላም ወገን፣ የምታውቁ እስቲ አስረዱኝ። ቅዳሜ ማታ ሦስት ሆነን ቦሌ አንድ ላውንጅ ገባን፣ ስሙን አልጠራም ጣጣ አልፈልግም። ሁለት ሸክላ ጥብስ አንዱ 950፣ ስምንት ቢራ አንዱ 150፣ ሁለት ውሃ 50 50፣ ሜኑው ላይ ባየሁት ዋጋ ስደምረው 3,200። ቢሉ ሲመጣ 4,427 ብር ከ50! ዲጄው ጆሮ ይበጥሳል፣ አስተናጋጇን ምንድነው ስላት "ቫትና ሰርቪስ" ያለችኝ መሰለኝ፣ ከከንፈሯ ነው ያነበብኩት። በዛ ላይ ጓደኛ ፊት ሂሳብ መከራከር ታውቁታላችሁ፣ ገና አፍህን ስትከፍት "ተው ባክህ" ይሉሃል፣ በቴሌብር ከፍዬ ወጣሁ። ግን ቫት 15 አይደል እንዴ? ይሄ እኮ ወደ 40 ፐርሰንት ነው። ጥብሱም ሸክላው ነው እንጂ የሚሞቀው ስጋው በርዶ ነበር፣ እሱን እንኳን ተዉት።

ሂሳብ አይወድም፦
አብዛኛው ትክክል ነው አትናደድ። ብዙ ላውንጅ መጀመሪያ 10 ፐርሰንት ሰርቪስ ቻርጅ ይጨምርና ቫቱን ከዛ በኋላ ነው የሚያሰላው፣ ማለት ለሰርቪሱም ቫት ትከፍላለህ። 3,200 ላይ 320 ስትጨምር 3,520፣ የሱ 15 ፐርሰንት 528፣ ጠቅላላ 4,048። ሜኑ ላይ 100 ካየህ 126 ከ50 ነው ብለህ ግባ። ታች ላይ በጣም በደቃቅ ፊደል ጽፈውታል፣ ማን እዛ ድረስ ያነባል እንጂ።
አሁን የቀረህ 379 ከ50 ነው። እሱን ለ1.265 አካፍለው፣ ልክ 300 ይመጣል። ሁለት ቢራ። ስምንት ለመጠጣታችሁ እርግጠኛ ነህ?

የሳርቤት ልጅ፦
ኧረ ስምንት ነው፣ እኔ ሁለት እነሱ ሦስት ሦስት። ቆይ ቢሉን ፎቶ አንስቼዋለሁ... በማርያም፣ ቢራ 10 ይላል! እንዴት አላየሁትም

ጃምቦ፦
ካዛንቺስ ሳይፈርስ በፊት ስንጠጣ ህጋችን አንድ ነበር፣ ጠርሙስ አይነሳም። ጠረጴዛው ቢጨናነቅም ባዶው እዛው ይቆማል፣ ግድ ላንሳ ካለ ቆርኪውን ትቶ ይሄዳል፣ ሂሳብ በቆርኪ ነው። ድራፍት ላይ ነው ችግሩ፣ ጃምቦ ቆርኪ የለው። በክብሪት እንጨት የሚቆጥር ጓደኛ ነበረን፣ አራተኛው ላይ ሲደርስ መቁጠሪያውን ሲጋራ ይለኩስበታል።

ትሪ ተሸካሚ፦
አስተናጋጅ ነኝ፣ ሌላ ቤት። ሁሌ ሌብነት አይደለም። ቅዳሜ ማታ ስድስት ጠረጴዛ ትይዛለህ፣ ከባር የወጣው ሁሉ በስምህ ነው የሚመዘገበው፣ አንዱ ጠጥቶ ሹልክ ካለ ካንተ ነው የሚቆረጠው። እና አንዳንዱ ልጅ ያቺን ለማካካስ ሞቅ ያለው ጠረጴዛ ላይ ይለጥፋታል፣ ልክ ነው እያልኩ አይደለም። ሰርቪስ ቻርጁም ለኛ ይመስላችኋል አይደል፣ እኛ ቤት የተሰበረ ብርጭቆ ምናምን ተቀናንሶ ነው የሚደርሰን። ለማንኛውም ወንድሜ መጀመሪያ የሚመጣልህ ወረቀት ደረሰኝ አይደለም፣ ከማሽን የወጣውን፣ ቲን ቁጥር ያለበትን ጠይቅ። ቴሌብርም ለቤቱ እንጂ ለሰው ስልክ አትላክ።

የሳርቤት ልጅ፦
ሂስትሪው ላይ ገብቼ አየሁት አሁን። የሰው ስም ነው።

ሂሳብ አይወድም፦
ቲፕስ ጨምረሃል?

የሳርቤት ልጅ፦
100 ብር