ጥቀርሻው የማን ነው? የማድቤት ወይስ የናፍጣ?

መምህሩ፦
ጤና ይስጥልኝ ቤተሰብ። ባለፈው ሳምንት አንድ ወንድማችን «የአዲስ አበባን አየር ያበላሸው መኪና ነው፤ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ በ2024 እ.ኤ.አ. ተከልክሏል፣ ከእንግዲህ ሰማዩ ይጠራል» ብሎ ጻፈና ብዙ ሰው ደገፈው። እኔ አላምንበትም። ስለዚህ ጥያቄውን ለብቻው ላንሳው፦ ያለችንን ጥቂት ገንዘብ መጀመሪያ የምናውላት ለመኪናው ነው ለማድቤቱ? የእኔ መልስ ለማድቤቱ ነው።

ይህን የምለው በአንድ ምርምር ተመርኩዤ ነው። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባሉት ደረቅ ወራት ደቡብ እስያንና የሕንድ ውቅያኖስን ሰሜናዊ ክፍል ቡናማ የጭስ ደመና ይጋርደዋል። ምንጩ ለዓመታት አከራክሯል። ሕዝቡ ስንት ማገዶና ስንት ነዳጅ እንደሚያቃጥል ደምረው ያሰሉት «ከ50 እስከ 90 በመቶው ከማገዶ ነው» ሲሉ፣ የብናኙን ንጥረ ነገር የመረመሩት ደግሞ ጣታቸውን ወደ ነዳጅ ይቀስሩ ነበር። የስቶክሆልም ዩኒቨርሲቲው ኦርያን ጉስታፍሰንና ባልደረቦቹ ማልዲቭስ ውስጥ ሃኒማዱ ደሴት ላይ፣ ምዕራብ ሕንድ ውስጥ ደግሞ ሲንሃጋድ ተራራ ላይ ጥላሸቱን በማጣሪያ ያዙና ዕድሜውን ለኩት። እንጨት፣ ኩበትና አገዳ በቅርቡ ከአየር የወሰዱት ካርቦን 14 የሚባል፣ ከጊዜ ጋር እየፈረሰ የሚያልቅ የካርቦን ዓይነት አላቸው። ካርቦን 14 በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ ይቀንሳል። ናፍጣና የድንጋይ ከሰል ሚሊዮን ዓመታት ከመሬት በታች ስለኖሩ ምንም አልቀራቸውም። በ2009 እ.ኤ.አ. ሳይንስ በተባለው መጽሔት ያወጡት ውጤት ይኸው፦ ካርቦን ካለበት ብናኝ ሁለት ሦስተኛው ከማገዶና ከእርሻ ቃጠሎ የመጣ ነው። ጥቁሩን ካርቦን፣ ማለትም ጥላሸቱን ጥቁር የሚያደርገውን ክፍል፣ ለብቻው ሲያዩት እንደ አለካኩ ዘዴ ግማሹ ወይም ሁለት ሦስተኛው ከዚያው ነው።

ሹፌሩ፦
መምህር፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ነው፤ ግን አልተዋጠልኝም። ሃያ ሁለት ዓመት ሚኒባስ ነድቻለሁ። ከቃሊቲ ወደ ሳሪስ ስመጣ ፊቴ ያለው አይሱዙ ማርሽ በቀነሰ ቁጥር የሚለቀውን ጭስ ለመሸሽ መስኮት እዘጋለሁ፤ ተሳፋሪው ደግሞ ታፈንን ብሎ ይከፍታል። ማታ አንገቴን በነጭ ፎጣ ስጠርግ ፎጣው ምን እንደሚመስል ባለቤቴ ትናገር። ያ ከማንም ጉልቻ አልመጣም። እርስዎ ያሉት ልኬት ደግሞ ባሕር መሃልና ተራራ ላይ የተወሰደ ነው። እዚያ የሚደርሰው የመንደሩም የከተማውም አየር ተቀላቅሎ ነው። መንገድ ዳር ቆሞ ሎተሪ የሚሸጠው ልጅ የሚተነፍሰው ያንን አይደለም።

ሌላም አለ። የናፍጣ ሞተር በደንብ ከተያዘ እንዲህ አይጨስም። ኖዝሉ ሲያረጅ ናፍጣውን እንደ ጉም መርጨቱን ትቶ ያንጠባጥባል። የአየር ማጣሪያው ይደፈናል። አንዳንዱ ጭነት ሲከብደው ጉልበት እንዲያገኝ ብሎ የናፍጣውን መጠን ያስጨምራል። ጥላሸት የሚሆነው በደንብ ሳይቃጠል የቀረው ነው። ለዓመታዊ ምርመራው ቀን ብቻ አስተካክሎ፣ ቦሎውን ከወሰደ በኋላ ወደ ነበረበት የሚመልስ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። አዲስ የቤት መኪና መከልከሉ ይህን አሮጌ የጭነት መኪና አይነካውም።

ፑኔ የተማረው፦
ማስተርሴን የሠራሁት ምዕራብ ሕንድ፣ ፑኔ ከተማ ነው። ሲንሃጋድ ከከተማዋ ወደ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ እሑድ እሑድ እንወጣው ነበር። ጥር ላይ ጎህ ሲቀድ ተራራው አናት ካለው ምሽግ ላይ ሆናችሁ ቁልቁል ብታዩ፣ የየመንደሩ ጭስ ጥቂት ከፍ ይልና ቀዝቃዛው አየር ይዞት እንደ ነጠላ ሸለቆው ላይ ተዘርግቶ ይቀራል። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ከእንጦጦ የሚታየውም ያው ነው።

ግን መምህር፣ የሕንድን ቁጥር አምጥቶ አዲስ አበባ ላይ መለጠፍ አይቻልም። በዚሁ የካርቦን 14 ዘዴ ቻይና ላይ ሲለካ ጥቁሩ ካርቦን አምስት እጅ አራቱ ያህል ከድንጋይ ከሰልና ከነዳጅ የመጣ ሆኖ ተገኝቷል። ዴልሂ ደግሞ እንደ ወቅቱ ይለዋወጣል፤ ገበሬው የሩዝ ገለባ ሲያቃጥልና ብርዱ ሲገባ የማገዶውና የገለባው ድርሻ ከፍ ይላል። ደግሞም ዘዴው የሚነግረን ካርቦኑ ትኩስ ነው ወይስ ጥንታዊ የሚለውን ብቻ ነው። ገለባን ከጉልቻ፣ ናፍጣን ከድንጋይ ከሰል አይለይም። ኅዳር 12 «ኅዳር ሲታጠን» እያልን ከቆሻሻው ጋር የምናነደው ፌስታል እንኳ በዚህ ልኬት እንደ ነዳጅ ነው የሚቆጠረው፤ የተሠራው ከነዳጅ ነውና። እነ ጉስታፍሰን ራሳቸው የደመደሙት ማገዶውም ነዳጁም አብረው መቀነስ አለባቸው ብለው ነው። «መጀመሪያ ማድቤቱ» የሚለው የእርስዎ እንጂ የእነሱ አይደለም።

እንጀራ ጋጋሪዋ፦
ልጆቼ፣ እናንተ ስለ ሰማዩ ታወራላችሁ፤ እኔ ስለ ጣሪያዬ ልንገራችሁ። ሽሮ ሜዳ ነው የምኖረው። አሥራ አራት ዓመት በባሕር ዛፍ ቅጠል ጋግሬ እየሸጥኩ ሦስት ልጅ አሳድጌአለሁ። የማድቤቴ ቆርቆሮ ከውስጥ በኩል ጥቀርሻው ክር ክር ሆኖ ይንጠለጠላል፤ ክረምት ሲያፈስ ጥቁር ጠብታ ሊጡ ላይ እንዳይወርድብኝ ላስቲክ እወጥርበታለሁ። ቅጠሉ እርጥብ ከሆነ ዓይኔን ጨፍኜ ነው አክንባሎ የማነሳው።

ከሁለት ዓመት ወዲህ የኤሌክትሪክ ምጣድ አለኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። መብራት ሲሄድ ግን ደንበኛ አይጠብቀኝም፤ ወደ ቅጠሌ እመለሳለሁ። መምህር ማድቤት ይቅደም ማለትዎ ደስ ብሎኛል። ብቻ ነገሩ «ማገዶ የሚያነድ ይቀጣ» ወደሚል እንዳይዞር እፈራለሁ። ቅጠል ተሸክመው ከእንጦጦ የሚወርዱትን እናቶች ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ።

ነርሷ፦
እትዬ ያሉት ላይ ልጨምር። ሁለታችሁም የምትከራከሩት ሰማይ ላይ ስላለው ድርሻ ነው። ሳምባ ውስጥ ያለው ድርሻ ሌላ ነው። የመኪናው ጭስ መንገድ ላይ ወጥቶ ይበተናል፤ የጉልቻው ጭስ ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ከእናትየው ፊት አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነው የሚወጣው፤ ሕፃኑም ጀርባዋ ላይ ታዝሏል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የደቃቅ ብናኝ የዓመት አማካይ በሜትር ኩብ ከ5 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ቅጠል የሚነድበት ማድቤት ይህን ብዙ እጥፍ ያልፈዋል። ይኸው ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ይገምታል። ክሊኒክ ውስጥ የማያቸው የሚያስሉ ሕፃናት እናቶች ልብሳቸው ጭስ ጭስ ይላል። እኔ ከመምህር ጋር ነኝ፤ ምክንያቴ ግን የካርቦን 14ቱ አይደለም።

ሹፌሩ፦
እህቴ፣ ያልሽው ልክ ነው፤ አልክድም። ግን እትዬ ለቅጠላቸው ምትክ ሲያገኙ ጭሱ ከቤታቸው ይጠፋል። የእኔ መንገድ ላይ ያለውን ማንም በግሉ ሊያጠፋው አይችልም፤ መኪና የሌለውም ይተነፍሰዋል። ለዚህ ነው መንግሥት መጀመሪያ እጁን እዚያ ላይ ያስገባ የምለው።

ፑኔ የተማረው፦
ሕንድ ሁለቱንም ሞክራለች። በ2016 እ.ኤ.አ. ኡጅዋላ በሚባል ፕሮግራም ለድሃ ቤተሰብ ሴቶች የማብሰያ ጋዝ ማስገባት ጀመረች፤ በ2019 እ.ኤ.አ. 80 ሚሊዮን ቤት ደረሰች። በ2020 እ.ኤ.አ. ደግሞ የናፍጣውን ሰልፈርና የአዳዲስ መኪኖችን ጭስ ደረጃ በአንድ ቀን አጠበቀች። የጋዙ ችግር ማስሞላቱ ላይ ነበር። ከተከራየሁበት ቤት ጀርባ የነበረች ሴት ቀዩን ሲሊንደር ጨርቅ አልብሳ ጥግ አስቀምጣው፣ ቂጣዋን የምትጋግረው በእንጨት ነበር። ጋዙን ለእንግዳ ነው የምትቆጥበው። ምድጃ ማደል ቀላል ነው፤ በየወሩ የሚነደውን ማቅረብ ነው የሚከብደው።

መምህሩ፦
ፑኔ የተማረው ልክ ነህ፤ የሕንዱን ቁጥር ለእኛ መጠቀሜ ትክክል አልነበረም። እኔ የምመኘው እዚሁ አንድ ማጣሪያ ቃሊቲ መንገድ ዳር፣ አንድ ደግሞ ሽሮ ሜዳ፣ ዓመቱን ሙሉ ተተክሎ ካርቦን 14ቱ እንዲለካልን ነው። አቋሜን ግን አልቀየርኩም፤ በነርሷ ምክንያት ጭራሽ ጸንቶብኛል። ኤሌክትሪካችን ከሞላ ጎደል ከውሃ ነው የሚመነጨው፤ በእሱ የተጋገረ እንጀራ ማድቤት ውስጥም ሰማይ ላይም ጥላሸት የለበትም። ከአዲስ መኪና በፊት የሰፈር ትራንስፎርመር ይቀየር የምለው ለዚህ ነው።

ሹፌሩ፦
ትራንስፎርመሩ ይቀየር፣ አልጠላም። የጭስ ምርመራው ግን ትራንስፎርመር እስኪቀየር መጠበቅ የለበትም፤ መንገድ ላይ ድንገት አስቁሞ ጭስ መለካት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በዚህ አልለቅዎትም መምህር።

እንጀራ ጋጋሪዋ፦
አሁን መብራት የለም። ስልኬም ሊዘጋ ነው። ለነገ ጠዋት ሰማንያ እንጀራ ታዝዤአለሁ፤ ቅጠሉን አስገብቼ ላድርቅ።