ደረቅ የሸክላ አፈርና የድሬ ሙቀት፦ አቧራውን በምን እንከላከለው?

ጠያቂ (ጀማሪ ሸክላ ሠሪ፣ ድሬዳዋ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ከዚራ ሰፈር ውስጥ በተከራየናት አንዲት ክፍል አራት ሆነን ጀበና፣ ስኒና የአበባ ማስቀመጫ መሥራት ከጀመርን ስምንት ወር ሆኖናል። አፈሩን በደረቁ ገዝተን፣ ራሳችን ወቅጠንና ነፍተን እናቦካዋለን፤ ማታ ማታም ወለሉን በመጥረጊያ ጠርገን እንወጣለን። የድሬን ሙቀት የምታውቁት ስለሆነ ቬንቲሌተሩ ቀኑን ሙሉ አይጠፋም። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ከመካከላችን አንዷን ደረቅ ሳል ይዟታል። እናቶቻችን ዕድሜያቸውን ሙሉ ከአፈር ጋር ኖረው ምንም አልሆኑም የሚሉን ወዳጆች አሉ፤ እኔ ግን ልቤ አላረፈም። ከፋርማሲ የምንገዛው ሰማያዊ ማስክ ይበቃ ይሆን? ቬንቲሌተሩንስ እናጥፋው?

መልስ 1 (የጤና ባለሙያ)

እርጥቡ ጭቃ ለሳንባ አያሰጋም። የሚያሰጋው ጭቃው ከደረቀ በኋላ ከወለል፣ ከጠረጴዛና ከልብስ ላይ የሚነሣው ብናኝ ነው፤ ምክንያቱም የሸክላ አፈር አብዛኛውን ጊዜ ኳርትዝ የተባለውን የሲሊካ (በአፈርና በአሸዋ ውስጥ ያለ ማዕድን) ዓይነት ይዟል። በዓይን የምናየው አቧራ በአብዛኛው አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ሲቀር፣ ወደ ሳንባ ጥልቅ ክፍል የሚዘልቀው ግን ከአንድ ሚሊሜትር መቶኛ እጅ ያነሰው፣ የማይታየውና ለሰዓታት አየር ላይ የሚንሳፈፈው ብናኝ ነው። ይህ ለዓመታት ሲጠራቀም ሳንባው ጠባሳ እያበጀ ይሄዳል፤ በሽታው ሲሊኮሲስ ይባላል፣ ጠባሳውን የሚያጠፋ መድኃኒትም የለውም። በሽታው የያዘው ሰው ለሳንባ ነቀርሳ ይበልጥ ይጋለጣል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም በ1997 እ.ኤ.አ. ይህን ብናኝ ካንሰር ከሚያስከትሉ ነገሮች መካከል መድቦታል።

የባልደረባችሁ ሳል በስምንት ወር የመጣ ስለሆነ ወዲያው ሲሊኮሲስ ነው ብላችሁ አትደንግጡ። ሆኖም ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል የነቀርሳ ምርመራ ስለሚያስፈልገው ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ፤ ሥራዋ ምን እንደሆነም ሳትጠየቅ ትናገር።

ሰማያዊው ማስክ በጎንና በጎኑ አየር ስለሚያስገባ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ኤን 95 የተባለው ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ፊት ላይ በደንብ ካልገጠመ ዋጋ የለውም፣ ጢም ያሳደገ ሰው ላይ ደግሞ አይገጥምም። ቬንቲሌተሩን በተመለከተ፣ በዚያ ሙቀት አጥፉት ማለት ይከብደኛል። ወደ ጠረጴዛው ከሚነፍስ ይልቅ መስኮቱ ላይ ሆኖ አየሩን ወደ ውጭ እንዲያወጣ አድርጉት።

መልስ 2 (ከሐረር)

እናቶቻችን ምንም አልሆኑም ለሚለው ነገር፣ የተመረመረ ሰው ሳይኖር ምንም አልሆኑም ማለት ይከብዳል። ደግሞም እኔ ያየኋቸው ሸክላ ሠሪዎች የሚወቅጡትም የሚነፉትም ደጅ ላይ፣ ነፋስ በሚነካው ቦታ ነው። እናንተ ያንኑ ሥራ አራት ግድግዳ ውስጥ አስገብታችሁ ቬንቲሌተር ጨመራችሁበት።

እኔ መውቀጡንም አልመክርም። ጓሉ በደንብ ደርቆ ውኃ ውስጥ ከገባ ራሱ ይፈርሳል፤ የሚያስገርመው ነገር ግን ከፊል እርጥብ የሆነው ጓል በቀላሉ የማይሟሟ መሆኑ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ፀሐይ ላይ አድርቁት፣ ከዚያ በርሜል ውስጥ ውኃ ሞልታችሁ ጓሉን ጨምሩበት፣ አሳድሩት፤ ጠዋት እንደ አጥሚት የቀጠነውን በወንፊት አጥልሉት። ጠጠሩ ይቀራል፣ አቧራም አይነሣም። የቀጠነውን ጭቃ ጨርቅ ላይ ብታፈሱት የድሬ ፀሐይ ቶሎ ያጠነክርላችኋል። የተሰበረ ገል ፈጭታችሁ የምትቀላቅሉ ከሆነም ውኃ እያርከፈከፋችሁ፣ ደጅ ላይ ፍጩት። ማታ ደግሞ እንደ አያቶቻችን ውኃ ረጭቶ መጥረግ ይበቃል።

መልስ 3 (ድሬዳዋ፣ ሸክላ ሠሪ)

ከሐረሩ ወንድማችን ጋር በመጨረሻዋ ነገር አልስማማም። የተረጨው ውኃ ላይ ላዩን ብቻ አርሶ፣ ከሥር ያለው ብናኝ በመጥረጊያው ይነሣል። መጥረጊያውን ከክፍሉ አውጡትና ወለሉንም ጠረጴዛውንም በእርጥብ ጨርቅ ወልውሉ። ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ነው ትሉኝ ይሆናል፤ እኛ ጋርም እንደዚያው ነው። የወለወልንበትን ውኃ በባልዲ እናሳድረዋለን፤ ጠዋት ጭቃው ዘቅጦ ላዩ ይጠራል። የጠራውን እንደገና እንወለውልበታለን፤ ዝቃጩን ወደ ጭቃው እንመልሰዋለን። ቧንቧ ውስጥ ብትደፉት ግን በአንድ ወር ይዘጋባችኋል (ከአከራያችን ጋር ያጣላን ይህ ነው)።

ከደረቀ በኋላ በብርጭቆ ወረቀት የምታሹት ዕቃ ካለ ልማዱን ተዉት። ዕቃው ገና ሳይደርቅ፣ ቅርጹን ሳይለቅ ጠንከር ሲል በእርጥብ ስፖንጅ ብታለሰልሱት ያው ነው።

ጠያቂ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ባልደረባችን ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ትሄዳለች፤ በርሜልም አግኝተናል። አንድ ነገር ቀረኝ፦ የሥራ ሽርጣችንን (ወንዶች ቤት የሚያገለድሙትን ማለቴ አይደለም) ለብሰን ወደ ቤት ብንሄድ ችግር አለው?

መልስ 1 (የጤና ባለሙያ)

አለው። ጭቃው ሽርጡ ላይ ደርቆ በእያንዳንዱ እርምጃ ይራገፋል፤ ልጆች ያሉበት ቤት ደግሞ ይባስ። እዚያው አውልቃችሁ፣ ሳታራግፉ ውኃ ውስጥ ንከሩት፤ ከሌላ ልብስ ጋርም አትጠቡት።