ክርክር፦ የግቢያችንን ሴት ውሻ እናስመክን ወይስ እንተዋት?

አስተባባሪ፦ አንዲት አባላችን የውሻዋን ማህፀን ልታስወጣ መሆኑን ስትነግረን «ጤነኛ እንስሳ በቢላ ማስነካት ግፍ ነው» የሚል መልስ ተሰጣት። ክርክሩ እስካሁን አልበረደም። በሥርዓት እንነጋገርበት።

የኮተቤ ልጅ፦ ግፍ ያልኩት እኔ ነኝ፣ አሁንም አቋሜ ያው ነው። ሳትታመም ሆዷን መቅደድ ምን ይሉታል? ፈጣሪ የሰጣት ማህፀን ነው። ቢያንስ አንዴ ትውለድና ይየው።

ሐኪም ከቢሾፍቱ፦ «አንዴ ትውለድ» የሚለውን ክሊኒክ ውስጥ በየጊዜው እሰማዋለሁ፤ የወለደችም በማህፀን በሽታ ትያዛለች። ሴት ውሻ ደም ካሳየች በኋላ አረገዘችም አላረገዘችም ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን ለሁለት ወር ያህል ከፍ ብሎ ይቆያል። የማህፀኑ ግድግዳ ይወፍራል፤ ባክቴሪያ ከገባበት መግል ይቋጥራል። ፓዮሜትራ የምንለው ይህን ነው። ብዙ ጊዜ ደሙ ካቆመ ከሳምንታት በኋላ ስለሚመጣ ባለቤቱ ነገሩን አያያይዘውም። ውሃ አብዝታ ትጠጣለች፣ ሽንቷ ይበዛል፣ ምግብ ትተዋለች፣ ታስመልሳለች። መግሉ ወደ ውጭ ከፈሰሰ ቶሎ ይታወቃል። የማህፀኑ አፍ ከተዘጋ ግን መግሉ ወደ ውጭ ስለማይወጣ ሆዷ ተነፍቶ እስክትወድቅ ድረስ ላይታወቅ ይችላል። ስዊድን ውስጥ ኢንሹራንስ ባላቸው ውሾች ላይ በተደረገ ጥናት፣ 10 ዓመት ሳይሞላቸው ከአራቱ አንዷ ገደማ በዚህ በሽታ ተይዛለች። ያን ጊዜም ዋናው ሕክምና ያው ማህፀኑን ማውጣት ነው፤ ልዩነቱ ለቀዶ ጥገና የምትተኛው መግሉ ሰውነቷን የመረዛት ውሻ መሆኗ ነው።

የጀሞዋ እናት፦ ልጄ፣ እኔ ቀዶ ጥገናውን ስለምፈራ እንዳታረግዝ መርፌ አስወጋታለሁ። እሱም ቀለል ይላል።

ሐኪም ከቢሾፍቱ፦ እትዬ፣ እባክዎ ያንን መርፌ ያቁሙ። የፕሮጄስትሮን ዓይነት ሆርሞን ስለሆነ ፓዮሜትራንም የጡት ዕጢንም የሚያባብስ እሱ ነው። ጡቶቿን አንድ በአንድ ይዳብሱ፤ ሽምብራ የምታህል እብጠት ብትሆንም ይዘዋት ይምጡ።

የሳሪሱ፦ ጉዳቱም ይነገር እንጂ። የመከነች ውሻ በኋላ ሽንት ሊያመልጣት ይችላል፤ ትልልቅ ዝርያዎች ላይ ደግሞ ገና በቡችላነት ሲሠራ መገጣጠሚያቸው ይጎዳል ይባላል። ኖርዌይ ውስጥ ያለ በቂ ምክንያት ማምከን አይፈቀድም፤ እነሱ እንስሳ አይወዱም?

ሐኪም ከቢሾፍቱ፦ ሁለቱም እውነት ነው፤ ለትልልቅ ዝርያ ጊዜውን ከሐኪም ጋር መምረጥ ያስፈልጋል።

የአያት ሰፈሯ፦ ኖርዌይ ውሻ በማሰሪያ ይዞ የሚሄድ ሰው አላት። እኛ ጋ ማታ በሩ ተከፍቶ ትወጣለች፣ በ63 ቀን ገደማ ስድስት ሰባት ቡችላ ነው። ወንዶቹን ሰው ይሻማባቸዋል። ሴቶቹ በካርቶን ተደርገው ቆሻሻ ገንዳ ሥር ይጣላሉ፤ ዓይናቸው ሳይገለጥ ያገኘኋቸው አሉ። ከመኪና የተረፉት አድገው የመንገድ ውሻ ይሆናሉ፣ ሲበዙ ደግሞ በከተማችን የቆየው መፍትሔ መርዝ ነው። ግፍ ካላችሁ ግፉ እዚያ ነው! አንዲት እናት ማስመከን ያንን ሁሉ ያስቀራል።

የጀሞዋ እናት፦ ድመትስ?

ሐኪም ከቢሾፍቱ፦ ድመት ይብሳል። ግማሽ ዓመት ሳይሞላት ልታረግዝ ትችላለች፣ እያጠባችም ትደግማለች። የድመት የጡት ዕጢ ደግሞ አብዛኛው ካንሰር ነው፤ አትዘግዩ።

የኮተቤ ልጅ፦ የካርቶኑን ነገር አልክድም፣ እኛም ሰፈር አለ። ግን አንድ የሰፈራችን ሰው ውሻውን አስመክኖ ስፌቱ ተመርዞ ሞታበታለች። ያለ ሕመም ማስታገሻ ነው የላኳት። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።

ሐኪም ከቢሾፍቱ፦ መፍራትህ ልክ ነው። ከመስጠትህ በፊት ጠይቅ፦ ማደንዘዣው ምንድነው፣ ማስታገሻ ለስንት ቀን ይሰጣታል፣ ስፌቱን እንዳትልስ አንገቷ ላይ የሚደረገው አለ ወይ፣ ሌሊት ቢብስባት ለማን ይደወላል? የማይመልስልህ ጋ አታሳክማት። ሁለት ሳምንት ደረቅ ቦታ አስረህ ማቆየት ደግሞ ያንተ ድርሻ ነው።

የኮተቤ ልጅ፦ እነዚህን የሚመልስልኝ ካገኘሁ አስባለሁ። እስከዚያ በሩን እዘጋለሁ እንጂ ለማንም አልሰጣትም።