ፈረሱን ከሸጥኩ በ24 ቀኑ «ያነክሳል፣ ገንዘቤን መልሺ» ተባልኩ

የላውደን እናት፦
እንደምን ዋላችሁ። የምኖረው ቨርጂኒያ፣ ላውደን አውራጃ ነው። ልጄ ስምንት ዓመት የጋለበችውን ዳማ ፈረስ፣ ኮሌጅ ስትገባ በ6,500 ዶላር ሸጥኩት። ገዢዋ እዚሁ ቨርጂኒያ የምትኖር ሴት ናት፤ ሁለት ቀን መጥታ ጋለበችው፣ ሐኪም ግን አላሳየችውም። አሁን «የግራ ፊት እግሩን ያነክሳል፣ በራጅ ናቪኩላር የሚባል የኮቴ ውስጥ አጥንት በሽታ ተገኝቶበታል፣ ገንዘቤንና የሐኪሙን ወጪ ካልመለስሽ እከስሻለሁ» ትላለች። እኔ ዘንድ አንክሶ አያውቅም፤ አምና ኮቴው መግል ቋጥሮ ሁለት ሳምንት ካረፈው በቀር። እሱንም በቃል ነግሬያታለሁ። ወረቀቱ ላይ ያለው ስማችን፣ ዋጋውና ቀኑ ብቻ ነው። ገንዘቡ ደግሞ እጄ ላይ የለም፤ አብዛኛውን ለእናቴ የዳሌ ቀዶ ሕክምና አዲስ አበባ ልኬዋለሁ። ምን ብዬ ልመልስላት?

ከፍራንክፈርት፦
እህቴ፣ አትደንግጪ። እኔ ባለሁበት ጀርመን እንስሳ «ዕቃ አይደለም» ተብሎ ተደንግጓል፣ ሽያጩ ግን በዕቃ ሕግ ነው የሚዳኘው። ግለሰብ ለግለሰብ ሲሸጥ «ለጉድለት አልጠየቅም» ብሎ ውሉ ላይ ማስፈር ይችላል፤ ካላሰፈረ ሁለት ዓመት ይጠየቃል። ቢያሰፍርም፣ የሚያውቀውን ጉድለት ሆን ብሎ ከደበቀ አያድነውም። እ.ኤ.አ. በ2017 ከፍተኛው ፍርድ ቤት፣ ፈረስ ሕይወት ያለው ፍጡር ስለሆነ ራጁ ከመደበኛው ትንሽ ስለወጣ ብቻ ጉድለት አለበት አይባልም ብሎ ወስኗል። ይህን ጻፊላት።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ወንድሜ፣ እሷ ያለችው ቨርጂኒያ ነው፤ የጀርመን ፍርድ ጽፋ ብትልክ ምን ይጠቅማታል? እኔ ጠበቃ አይደለሁም፣ ግን ፈረስ በሚታከምበት ክሊኒክ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። እዚህ ፈረስ በሕግ እንደ ሸቀጥ ነው የሚታየው። ነጋዴ ካልሆንሽ፣ «ሸቀጡ ለተለመደው አገልግሎት ብቁ ነው» የሚለውን ዋስትና ሕጉ በራሱ አይጭንብሽም። ነገር ግን ስለ ፈረሱ የተናገርሽው ወይም የጻፍሽው ነገር «ዋስትና» የሚል ቃል ባይኖርበትም ዋስትና ሊሆን ይችላል። ማስታወቂያሽ ላይ ምን ብለሽ ነበር?

የላውደን እናት፦
«ጤናማ ነው፣ እግሩ ምንም የለበትም፣ ለልጅ ይሆናል» ብዬ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
እንግዲያው «እንዳለ ነው የገዛሽው» ብለሽ አትመልሺላት፤ እንዲያ የሚል ነገር ውሉ ላይ የለም። በስልክም አትጨቃጨቂ። የራጁን ምስልና የሐኪሙን ሪፖርት በጽሑፍ ጠይቂ። ናቪኩላር ብዙውን ጊዜ በ24 ቀን የሚመጣ ነገር አይደለም፣ ግን ለስላሳ ሣር ላይ ቀስ እያለ የሚሄድ ፈረስ ሕመሙ ላይታወቅበት ይችላል፤ ጠንካራ መሬት ላይ በኃይል ሲያሠሩት ይወጣል። ስለዚህ አንቺም እሷም እውነት ተናግራችሁ ሊሆን ይችላል። የሐኪም መዝገቡን፣ የኮቴ ጠራቢውን ደረሰኝ፣ ፈረሱ ሲጋለብ የተቀረጹትን ቪዲዮዎች ሰብስቢ። የምትጠይቅሽ ከ5,000 ዶላር በላይ ስለሆነ ጠበቃ ወደማይገባበት ትንሹ ችሎት አይሄድም፤ ጠበቃ ይዛ ልትመጣ ትችላለች። መጥሪያ ከደረሰሽ እንዳትቀሪ፤ ከቀረሽ በሌለሽበት ይፈረድብሻል።

ከሲያትል፦
እኔ የአዊ ልጅ ነኝ። ይህን ሳነብ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የሚወጡት ፈረሰኞች ፊቴ ላይ ድቅን አሉ። አያቴ ፈረስ ሲገዙ ጥርሱን አይተው ዕድሜውን፣ እግሩን ወደ ላይ አንስተው ኮቴውን ያዩ ነበር። ከዚያ በድንጋያማ ቁልቁለት ያስወርዱታል። ሻጩ «ይራገጣል፣ ከውሃ ይሸሻል» ብሎ ነውሩን በሰው ፊት ይናገራል። የደበቀ ሰው ሽማግሌ ፊት ቀርቦ ፈረሱን ይመልሳል። እዚህ ሽማግሌ የለም፤ ያለው ጠበቃ ነው። 17 ዓመት ሆነኝ ፈረስ ካልነካሁ።

ከዳላስ፦
እህቴ፣ አትቀየሚኝ። መልሺላት። በሰው ገንዘብ እናት አይታከምም።

ከጅዳ፦
ምን ማለትህ ነው? ሸጣ ያገኘችውን ነው የላከችው! እናቷ እግር ይዟት ተኝታ ልጅ ምን እንድታደርግ ነበር የምትፈልገው? እኔ ከደመወዜ ግማሹን በየወሩ እልካለሁ፤ ማንም ሐጢአት ነው ብሎኝ አያውቅም።

ከዳላስ፦
እኔም እልካለሁ። 20 ዓመት ልኬያለሁ። ያልኩት ስለ መላክ አይደለም፤ በጠብ ላይ ያለ ገንዘብ ይቆይ ነው ያልኩት።

ከጅዳ፦
ስትልከው ጠብ አልነበረም። መጀመሪያ በደንብ አንብብ።

የላውደን እናት፦
እባካችሁ በእናቴ አትጣሉ። ደረሰኞቹን ሰብስቢ በተባልኩት መሠረት ዛሬ ማታ ሣጥኑን ከፈትኩት። ኮቴ ጠራቢው የዛሬ ሰባት ወር በሰጠኝ ደረሰኝ ጀርባ ላይ በእርሳስ «የፊት ግራ፣ ሐኪም ይየው» ብሎ ጽፎበታል። እስከ ዛሬ ጀርባውን አላየሁትም ነበር። ይህን ለእሷ ልላክላት ወይስ መጀመሪያ ጠበቃ ላማክር?

ከፍራንክፈርት፦
ጀርመን ቢሆን ኖሮ መደበቅሽን ማስረዳት ያለባት እሷ ነበረች።

ከዳላስ፦
ጅዳ፣ በደንብ አንብቤያለሁ። አንተ ነህ የእኔን ያላነበብከው።